ኢሜይላችንን መልሱልን!

አሁንም የኢሜይል ሲስተም ከአውትሉክ ወደ ጂሜይል ተቀየረብን። ማንም አላማከረንም። እኛ ድሬዳዋ ሆነን ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ጭነት የምንከታተል ሰዎች ነን። የኮንቴይነሩ ታሪክ ሁሉ ያለው የቆየ ኢሜይል ውስጥ ነው።

አውትሉክ በፎልደር ይሠራል፣ ጂሜይል በሌብል፣ ማለትም መልእክቱ ላይ በሚለጠፍ ስም። በየደንበኛው ለይተን ያስቀመጥነው ሁሉ ሲዛወር ተዘበራረቀ። የባሰው ግን በፖፕ3 ሲጠቀሙ የነበሩት ልጆች ጉዳይ ነው። ፖፕ3 መልእክቱን ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ ያጠፋዋል። ታዲያ ከሰርቨር ምን ይዛወራል? ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ አውትሉክ መልእክቶችን በሚያስቀምጥበት ፒኤስቲ ፋይል ላይ ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ምን ይከብዳል?

ደንበኛው እዚህ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ድረስ መጥቶ «የላክሁት ኢንቮይስስ?» ሲለኝ መልስ አጣለሁ። ወደብ ላይ የቆመ ዕቃ እኮ በቀን ያስከፍላል! እባካችሁ፣ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሳትይዙ አትንኩብን። አሮጌውንም ለጥቂት ሳምንታት ክፍት ተዉልን።