«ጠበቃ ነህ?»

አክስቴ ቀይ መብራት ጥሰሻል ተብላ ቨርጂኒያ ውስጥ ትራፊክ ችሎት ቀረበች። እንግሊዝኛዋ ለሱቅ እንጂ ለዳኛ አይሆንም። ስሟ ሲጠራ አብሬያት ተነሣሁና መናገር ጀመርኩ። ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ጠበቃ ነህ?» አሉኝ።

«የእህቷ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

አስተርጓሚ መጣላት። እኔ አፌን ለጉሜ አግዳሚው ላይ ቁጭ። እዚያ ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው መሟገት እስከ 12 ወር ሊያሳስር እንደሚችል የሰማሁት በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ በዚያችው ቨርጂኒያ ዲግሪ ያለው ሰው የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ጠበቃ መሆን ይችላል። ጠበቃ ሥር ሆኖ 3 ዓመት ያጠናል፣ ከዚያ የ2 ቀን ፈተና። አገር ቤት 5 ዓመት ሕግ የተማረው ጓደኛዬ ግን ኡበር ይነዳል። ኒውዮርክ ልፈተን ቢል መጀመሪያ እዚያው አሜሪካ ማስተርስ መማር፣ በፈተናው ከ400 ነጥብ 266 ማምጣት፣ በዚያ ላይ 50 ሰዓት በነፃ ማገልገል አለበት። ልቡ ኒውዮርክ፣ እግሩ ፍሬን ላይ።

በጥር ደሴ ገባሁ። የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሸዋ በር ያለው የአባታችን ቤት ክርክር ላይ ነው። ውክልና ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን ለታናሽ ወንድሜ ከላክሁለት ቆይቷል። እሱ ጠበቃ አይደለም፤ የመኪና ዕቃ ነው የሚሸጠው።

ጠዋት ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ ጸሐፊው ጋ ጎራ አልን። ሸራ፣ ላፕቶፕ፣ የቀዘቀዘ ሻይ። ቀና ሳይል «ክስ ነው መልስ?» አለ። ጽፎ፣ ሦስት ኮፒ አውጥቶ፣ ራሱ በስቴፕለር መታልን።

ችሎት ገባን። ዳኛዋ ወንድሜን «ዝምድናችሁ ምንድን ነው?» አሉት።

«ወንድሜ ነው።»

«ቀጥል።»

በቃ፣ ይኸው ነው! የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለቅርብ ዘመድ በር ክፍት ትቷል። ሚስት ለባሏ፣ ልጅ ለእናቱ፣ ወንድም ለወንድሙ ውክልና ይዞ ይቆማል። በክፍያ ልቁም ካለ ግን ፈቃድ ግድ ነው። ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፍትሕ ሚኒስቴር፣ እዚህ ደግሞ የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ይሰጣል። የፌዴራሉ አዋጅ 1249/2013 የጠበቆች ማኅበር አቋቁሟል፤ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲከፍቱም ፈቅዷል። የዘመዱን በር ሾልኮ የሚገባ ጉዳይ ገዳይ አይጠፋም። ሆኖም እናቱን ወክሎ የሚናገር ልጅ ሳይ ቅናት ቢጤ ያዘኝ፤ የአክስቴ ፊት ትዝ አለኝ።

ወንድሜ አማርኛውን አወረደው። አባታችን ቤቱን እንዴት እንደሠሩ፣ ጎረቤት ማን እንደነበር፣ አጥሩን ማን እንዳጠረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ አሁንም አግዳሚ ላይ ነኝ፤ የዛሬው ግን አኮራኝ።

ከዚያ የባላጋራችን ጠበቃ ብድግ አለ። ጥቁር ካባ፣ ስስ ፋይል። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይርጋ። የውርስ ጥያቄ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ ነበረበት፤ ጊዜው አልፏል።»

ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ «ይርጋ ምንድን ነው?» ይላል። አሜሪካ 14 ዓመት የኖርኩት እኔም አላውቅም።

ቀጠሮ ተሰጠን። ወጥተን ደረጃው ላይ ቆምን። «አብሽር» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ። ከዚያ ጠበቃው ቢሮ ወደሚገኝበት ፎቅ እያየ፣ «ለእኛም እንደዚያ ያለ ሰው ስንት ይፈጃል?» አለ።