የናኖ ቁስ ማነቆው ማደባለቁ ነው

ወደ ናኖ ቴክኖሎጂ መግባት የሚፈልጉ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሮጡት በናኖሜትር (በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ) የሚለካ አዲስ ቅንጣት ለመሥራት ነው። እዚያ ግን ኬሚስቶቹ ቀድመዋቸዋል። ለመካኒካል መሐንዲስ ሰፊው ሥራ የሚጀምረው ቅንጣቱ ከተሠራ በኋላ ነው፤ እሱን በትኖ ማደባለቅ፣ የሙቀቱንና የፍሰቱን ነገር ማስላት፣ በትክክል መለካት፣ ዛሬ የተገኘውን ውጤት ነገም ማግኘት።

የካርቦን ናኖቲዩብን፣ ማለትም ከካርቦን አተሞች የተሠራውን እጅግ ቀጭን ቱቦ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ በአንድ ተጎትተው የተለኩ ቲዩቦች ከ11 እስከ 63 ጊጋፓስካል ጥንካሬ አሳይተዋል። ተራ የግንባታ ብረት ግማሽ ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ኢፖክሲ (ማጠንከሪያ ሲገባበት የሚጠጥር ፈሳሽ ሬዚን) ላይ ትንሽ ቢነሰንስበት ብረትን የሚያስንቅ ይመስለዋል። አያስንቅም። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ አለው፤ 10 ናኖሜትር ጎን ወዳላቸው ኩቦች ቢከፋፈል ግን የገጹ ድምር 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ገጽ ያለው ዱቄት እርስ በርሱ ተሳስቦ ጓል ይሠራል። ጓሉ ውስጥ ሬዚን በደንብ ስለማይገባ ጭነት መሸከሙ ቀርቶ ስንጥቅ የሚነሳበት ቦታ ይሆናል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ለ100 ግራም ሬዚን 0.3 ግራም ናኖቲዩብ በቂ መነሻ ነው። ሬዚኑ እንዲቀጥን 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቃል፤ ከዚያ በሦስት ሮለር ማሽን ውስጥ ደጋግሞ ያልፋል፣ የሮለሮቹ ክፍተትም በየዙሩ እየጠበበ እስከ 5 ማይክሮሜትር ይወርዳል። በሮለር ፈንታ በአልትራሳውንድ (ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ) የሚበትን ሰው ዕቃውን በረዶ ውስጥ አስቀምጦ በየመሃሉ ማሳረፍ አለበት። ሬዚኑ ከመጠን በላይ ከመሞቁም በላይ፣ ረጅም ሰዓት የተመታ ቲዩብ ይቆራረጣል፤ ሲያጥር ደግሞ የሚፈለግበት ጥቅም ይቀንሳል። ማጠንከሪያው የሚገባው በመጨረሻ፣ ድብልቁ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ትኩስ ላይ ከገባ አየሩ በቫክዩም ሳይወጣ መጠጠር ይጀምራል። የናኖቲዩቡ መጠን ከ1 በመቶ ሲያልፍ ድብልቁ እንደ ሊጥ ይወፍራል፣ የአየር አረፋውም መውጫ ያጣል። «ብዙ ጨመርን፣ ጥንካሬው ግን ቀነሰ» ከሚሉ ውጤቶች ብዙዎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። ማረጋገጫው ውድ አይደለም፤ አንድ ጠብታ በሁለት መስታወት መካከል ተጭኖ በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቁር ጓል ከታየ፣ ሥራው ገና ነው። ከአንድ ጥሩ ቦታ የተነሳ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ስለ ድብልቁ ሁሉ አይናገርም።

ናኖቲዩብ ሰፊ ገበያ ያገኘውም በጥንካሬው ሳይሆን በሊቲየም ባትሪ ኤሌክትሮድ ውስጥ ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ነው። እዚያም ፈተናው ያው ነው፤ ኤሌክትሮዱ የሚሠራበትን ወፍራም ፈሳሽ በትክክል አደባልቆ እኩል ውፍረት ባለው ሽፋን መቀባት።

ናኖፍሉይድን በተመለከተ ግን ቁጥብ መሆን ይሻላል። ቅንጣት የተጨመረበት የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2009 የታተመ፣ ከ30 በላይ ተቋማት አንድ ዓይነት ናሙና የለኩበት ጥናት ግን ከነባሩ ቀመር የሚያልፍ ተአምር አላገኘም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በይዘት 1 በመቶ አሉሚኒየም ኦክሳይድ (ለ1 ሊትር ወደ 40 ግራም ማለት ነው) የሙቀት አስተላላፊነቱን በግምት 3 በመቶ ሲያሳድግ፣ ፈሳሹ ለመፍሰስ ያለውን እምቢታ (ቪስኮሲቲ) ቢያንስ 2.5 በመቶ ይጨምራል፤ ጓል ከተሠራ ደግሞ ከዚያም በላይ። በዚህ ላይ ዝቃጭ አለ፣ የፓምፕ መበላት አለ። ጽሑፎቹ ግን አሁንም ይጎርፋሉ።

ሙቀት ላይ መሥራት ለሚፈልግ ሲሊካ ኤሮጄል፣ ማለትም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በጣም ቀላል ጠጣር ቁስ፣ የተሻለ መስክ ነው። የአየር ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ በአማካይ 70 ናኖሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቀዳዳው ከዚያ ሲጠብ በአየሩ በኩል የሚያልፈው ሙቀት ይዳከማል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ኤሮጄል 0.015 ዋት በሜትር ኬልቪን አካባቢ ሲያስተላልፍ የረጋ አየር 0.026 ያስተላልፋል። ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። ሲሠራ ቀዳዳዎቹን የሞላው ፈሳሽ እንዲሁ ከተነነ የገጽ ውጥረቱ ቀዳዳዎቹን ይደረምሳል። ስለዚህ ፈሳሹ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካና ጋዙ ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር በላይ ተይዞ ይለቀቃል። የግፊት ጋን፣ ማሸጊያ፣ የዑደት ጊዜ፦ ዋጋውን የሚያስወድዱት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፣ ሁሉም የመካኒካል መሐንዲስ ጥያቄዎች ናቸው።

ልኬትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። 1 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለውን ሽፋን ጥንካሬ በአልማዝ ጫፍ የሚለካ ሰው ከ100 ናኖሜትር በላይ ጠልቆ ከወጋ፣ ሽፋኑን ትቶ የሥሩን ቁስ መለካት ይጀምራል። ጫፉ ከሲሊካ በተሠራ ጠጣር መስታወት ላይ በየጊዜው ይፈተሽ፤ የመስታወቱ የመለጠጥ ሞዱለስ (ለመለጠጥ ያለው እምቢታ) 72 ጊጋፓስካል አካባቢ ካልወጣ ጫፉ ተበልቷል፣ ወይም ካሊብሬሽኑ ተዛብቷል። የክፍሉ ሙቀት ትንሽ ቢዋዥቅ እንኳ ማሽኑ ራሱ ይለጠጣል፤ በናኖሜትር ለሚቆጠር ልኬት ይህ ትልቅ ስህተት ነው።

ደረቅ ናኖቲዩብ የሚመዘነው አየር በሚስብ ካቢኔ ውስጥ ብቻ ነው። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ በ2013 ያወጣው የመተንፈሻ ወሰን በሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም ነው። ካቢኔ የሌለው ላብራቶሪ ናኖቲዩቡ አስቀድሞ ሬዚን ውስጥ ተበትኖ የሚሸጠውን ይግዛና በራሱ ሬዚን ያቅጥነው፤ የማደባለቁም ሥራ በግማሽ ይቀልለታል።