የሜዳችን ጨዋታ የት አገር ነው?

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ሬዲዮው የስፖርት ፕሮግራም ላይ ነው። እንግዳው ስለ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ስለ ዋልያዎቹ እየተነተነ ነው። «ፈረንጅ አሰልጣኝ ካልመጣ ይህ ቡድን አይድንም» አለ። እሺ፣ ይህን ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል። ቀጠለና «የእኛ ልጆች ሐበሻ አሰልጣኝ አይፈሩም፣ ፈረንጅ ሲሆን ግን ያከብራሉ» አለ። አዘጋጁም «ልክ ነህ» አለው። ሾፌሩ ድምፁን ጨመረ። እኔ ደሜ ፈላ።

ቆይ፣ መከበር ነው ችግራችን? ከዚህ በፊት ፈረንጅ አይተን አናውቅም? ኢፊ ኦኑራ ከእንግሊዝ መጣ፣ ዓመት ሳይሞላው ሄደ። ቶም ሴንትፊት ከቤልጂየም መጣ፣ እሱ ደግሞ ወራት ብቻ ቆየ። ማሪያኖ ባሬቶ ከፖርቹጋል በ2006 መጣ፣ በ2007 ተሸኘ። ከእነዚህ ማንኛቸው አፍሪካ ዋንጫ አስገቡን? ማንም። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ያስገባን ሰውነት ቢሻው ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያስገባን ውበቱ አባተ ነው። ሁለቱም ሐበሾች ናቸው። ልጆቹ «የማይፈሯቸው» ሐበሾች። እንግዲህ በፍርሃት ከሆነ ነገሩ፣ ልጆቹ የፈሩት ጊዜ ቤታቸው ቀርተው ያልፈሩት ጊዜ አልፈዋል ማለት ነው።

ደግሞ መከበርን የሚያወራ ሰው ፌዴሬሽኑ አሰልጣኞቹን እንዴት እንደሸኛቸው ያስታውስ። ሰውነት ናይጄሪያን እስከ ዓለም ዋንጫ ደጃፍ ድረስ ከተጋፈጠ ወራት ሳይቆይ ተሰናበተ። አብርሃም መብራቱ በኅዳር 2012 ባሕር ዳር ላይ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ አልታደሰለትም። የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያውን ውበቱ ጨረሰው። ውበቱም በተራው በ2015 ሄደ። አለቃው እንዲህ ያደረገውን አሰልጣኝ ተጫዋቹ ለምን ያክብር? ፈረንጁንስ ቢሆን ለስንት ወር?

ግን ይህን ሁሉ ያልኩት ለመግቢያ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አሰልጣኝ፣ ስለ ተጫዋች ምርጫና ስለ ዳኛ ሲወራ፣ ሜዳ የሚባል ቃል አንድም ጊዜ አልተነሳም። አንድም ጊዜ! ይህ ቡድን ቤት የለውም እኮ ጎበዝ። ቤት የሌለውን ሰው «ምግብ የምታበስልልህ ሴት ቀይር» እንደማለት ነው።

እስቲ እንቁጠር። ባሕር ዳር ስታዲየም በጥቅምት 2014 በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ታገደ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካችን የስደተኛ ታሪክ ነው። ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። በግንቦት 2014 መጨረሻ ሊሎንግዌ ሄድን። እዚያ መጀመሪያ እንግዳ ሆነን በማላዊ 2 ለ 1 ተሸነፍን። አራት ቀን ቆይተን፣ እዚያው ስታዲየም ውስጥ፣ አሁን ደግሞ እኛ ባለሜዳ ተባልንና ግብፅን አስተናገድን። በሰው አገር፣ በሰው ሳር፣ በሰው መብራት። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብፅን! ይህ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ስታዲየም ዙሪያ ያለው አስፋልት ለሦስት ቀን ለመኪና ባልተከፈተ ነበር። እኛ ግን ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዘን ነው ያየነው። ጎሉ ሲገባ የጮህነው አስተናጋጇ ላይ ነው። ስኒ ተሰበረ፣ ሒሳቡ ላይ ተደመረ።

ከዚያ ሞሮኮ አለ። ከዚያ ዳሬሰላም አለ። ዲሞክራቲክ ኮንጎን «በሜዳችን» ስናስተናግድ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኅዳር 2017 ነው። ታንዛኒያን ያስተናገድነው የት ነው? ኪንሻሳ! የታንዛኒያ ቡድንም የእኛም ቡድን እኩል ተጉዘው፣ ለሁለቱም ባዕድ በሆነ ስታዲየም፣ እኛ ባለሜዳ ተባልን። 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሦስት ቀን ቆይተን እዚያው ስታዲየም ውስጥ እንግዳ ሆንን፣ ኮንጎንም 2 ለ 1 አሸነፍናት። የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ምድቡን ግን በ4 ነጥብ መጨረሻ ላይ ሆነን ጨረስን። አሁን ይህን ቡድን ስለ 4-3-3 እና ስለ 3-5-2 አሰላለፍ የሚተነትንልኝ ሰው ምን ልበለው?

«ያለ ሜዳም ግብፅንና ኮንጎን አሸንፋችኋላ» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አሸንፈናል። የተራበ ሰውም አንዳንድ ቀን ሮጦ ይቀድማል። ተርቦ መሮጥ ግን ልምምድ አይባልም።

ሜዳ ሲኖረን ምን እንደሆንን ደግሞ የረሳ ካለ ላስታውሰው። ካርቱም ላይ ሱዳን 5 ለ 3 አሸነፈን። ሁሉም ሰው «አለቀ» አለ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸንፈን፣ በሰው ሜዳ ባገባነው ጎል ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፍን። በሰኔ 2005 እዚያው ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1። ባሕር ዳር ላይ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1። በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0። የእነዚህ ጨዋታዎች አሰልጣኞች ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ተጫዋቾቹም ብዙዎቹ የተለያዩ ናቸው። አንድ የሚያደርጋቸው የገዛ ሳራቸውና የገዛ ሕዝባቸው ብቻ ነው። አንዱ ደግሞ ተነስቶ «ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር ላይ 3 ለ 1 አሸንፋን የለም ወይ?» ይለኝ ይሆናል። ይበለኝ።

ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ያሸነፍን ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋ በሚባለው የተመልካች ቦታ ነበርኩ። ከሌሊቱ ጀምሮ ነው የተሰለፍነው። ዝናብ እንዳይመታን የማዳበሪያ ኬሻ ጭንቅላታችን ላይ አድርገን፣ አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው ቆሎ እያወጡ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያድላሉ። ጎሉ ሲገባ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ የሚባል ልዩነት ጠፋ። ሽማግሌው አቅፈውኝ ሲያለቅሱ የቆሎው ፍርፋሪ አንገቴ ውስጥ ገባ። የተቃራኒው ተጫዋች ኳስ ሲይዝ የሚሰማውን ፉጨት ኪንሻሳ ላይ ማን ይፉጭልህ? የኤምባሲው ሠራተኛ?

ደስታው ግን ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። ጭፈራው ሳያልቅ የፊፋ ወሬ ደረሰ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ቅጣት እያለበት ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ኖሯል። ያሸነፍነው ጨዋታ በፎርፌ 3 ለ 0 ተሸነፋችሁ ተባለ። ሦስት ነጥብ ሄደ። ሁለት ካርድ ለመቁጠር ከአንድ እስከ ሁለት መቁጠር መቻል ነው የሚጠይቀው። የታክሲ ረዳት እንኳ 12 ሰው ጭኖ ማን እንዳልከፈለ ያውቃል። ይሄ ታዲያ የአሰልጣኝ ብቃት ጉዳይ ነው? የአጥቂ ምርጫ ነው? ቢሮ ውስጥ ነው ነጥቡ የጠፋው፣ ቢሮ ውስጥ! ለማንኛውም ልጆቹ ብራዛቪል ላይ ሴንትራል አፍሪካን አሸንፈው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድቡን አለፉ። ቢሮው ያጠፋውን እግር ካሰው።

አሁን ወደ ዳኛው ልምጣ፣ ምክንያቱም የሬዲዮው እንግዳ መጨረሻ ላይ «ዳኝነቱም በድሎናል» ብሎ አለቀሰ። ስለ ዳኛ ማልቀስ የሚወድ ደጋፊ ብዙ ነው። የጊዮርጊሱ ስለ ቡና ዳኛ ያለቅሳል፣ የቡናው ስለ ጊዮርጊስ ዳኛ። ዳኛው አንድ ሰው መሆኑ ትዝ አይላቸውም። እኔ የምለው፣ በ2011 ክረምት በአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሴኔጋልና ቱኒዚያ ሲጫወቱ ፊሽካውን የያዘው ማን ነበር? ባምላክ ተሰማ። የእኛው ሰው። ቡድናችን ግን እዚያ ውድድር ላይ አልነበረም። ዳኛው ከ11ዱም ተጫዋቾች ቀድሞ ደርሷል። ይህን ስታይ በዳኛ ማመካኘት ትንሽ አያሳፍርህም? በመጋቢት 2013 አቢጃን ላይማ አይቮሪኮስት 3 ለ 1 እየመራችን፣ ጨዋታው አስር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ዳኛው ታመው ሜዳ ላይ ወደቁ፣ ጨዋታው ቆመ። ማዳጋስካር ከኒጀር ጋር 0 ለ 0 መውጣቷ ሲሰማ አፍሪካ ዋንጫ መግባታችን ተረጋገጠና ልጆቻችን እዚያው ሜዳ ላይ ጨፈሩ። ዳኛ በድሎናል የሚል ሰው ይህንንም ይቁጠርልን እንግዲህ።

አንዷን ብቻ አልተውም። ጥቅምት 2006፣ ከናይጄሪያ ጋር፣ አዲስ አበባ። ያቺ ኳስ መስመሩን አልፋለች። አልፋለች አልኩ። ዳኛው አላጸደቃትም። በኃይሉ አሰፋ በኋላ አግብቶ መራን፣ የናይጄሪያው ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 ገደለን። ምስሉን አሁንም በስልኬ አለኝ፣ ኳሷ ከመስመሩ ውስጥ ናት። ጓደኛዬ «ምስሉ ከጎን ስለተነሳ አይታይም» ይለኛል። ጓደኛዬ መነጽር ያስፈልገዋል።

የተጫዋች ምርጫ ጭቅጭቁን ቶሎ ልለፈው። ደዋዩ ሁሉ «እገሌ ለምን አልተመረጠም» ይላል። እገሌ ሁልጊዜ የደዋዩ ክለብ ልጅ ነው። ግን አሰልጣኙ ከምን ይምረጥ? ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ ክለቦቹ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው፣ ለወራት ሆቴል አድረው የሚጫወቱበት ሆነ። አንዴ ሐዋሳ፣ አንዴ አዳማ፣ አንዴ ድሬዳዋ። የወልቂጤ ልጅ ወልቂጤን ወክሎ ሲጫወት፣ የወልቂጤ ሰው ግን በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው። በሰው ፊት ተጫውቶ ያላደገ ልጅ በ60 ሺህ ግብፃዊ ፊት ካይሮ ላይ ጉልበቱ ቢከዳው ጥፋቱ የማን ነው? ከክለብ ጀምሮ ሜዳ አልባ አድርገን አሳድገነዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ወግ አለን። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2029 የአፍሪካ ዋንጫን እናስተናግድ ብለን ጠይቀናል። እኔ ሕልም አልጠላም። ግን የራስህን ጨዋታ ኪንሻሳ እያስተናገድክ የአህጉሩን ዋንጫ ላስተናግድ ስትል ሰው ፊት ላይ ሳቅ ያመጣል። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ የተጀመረው በ2008 ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ አድጎ እኔ ሰፈር ከእኔ ጋር ኳስ ይመታል፣ ያልፈኛልም። ከግንባታው በኋላ የመጡና የሄዱ አሰልጣኞችን በአንድ እጄ ጣት ቆጥሬ አልጨርስም።

ሚኒባሱ አራት ኪሎ ሲደርስ ረዳቱ፣ እስከዚያ ዝም ብሎ ሲሰማ የነበረው፣ ሒሳብ እየተቀበለኝ «ጋሼ፣ ቀጣዩ የሜዳችን ጨዋታ የት አገር ነው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ልጁ ግን አልሳቀም። ዕድሜው ከ20 አይበልጥም። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ሲጮህ ሰምቶት አያውቅም ይሆናል።

ለሬዲዮው እንግዳ ልደውልለት ሦስቴ ሞክሬ መስመሩ ተይዟል አለኝ። ብገባ የምጠይቀው ይህችን ነበር። እሺ ወንድሜ፣ ፈረንጁ ይምጣ። ትልቁ ይምጣ፣ ልጆቹ ሲያዩት የሚንቀጠቀጡለት ይምጣ። ቦሌ አበባ ይዘን እንቀበለው። ሻንጣውን ይዘን ከአየር ማረፊያው ወጣን። ከዚያ የት ልንወስደው ነው? ነው ወይስ እዚያው ትራንዚት ይጠብቅ?