ለገመድ ይሄን ያህል ብር?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። ሚስማርም ሆነ ማርቸዲስ ስንገዛ መጀመሪያ "ስንት ነው?" መጨረሻም "ስንት ነው?" በምንለው ሁላችን ላይ። ከሁሉ በላይ ግን በግቢያችን መዋጮ ላይ። እሱን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ግቢያችን ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚተዳደሩ እናት አሉ። ከልጅ ልጃቸው ጋር አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። የሚጋግሩት ሌሊት ነው። አመሻሽ ላይ ኃይሉ ይወርድና ምጣዱ አልግል ይላል፤ ሰው ሲተኛ ነው የሚሻለው። ክፍሏ ያላት ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በር ሥር። ምጣዱ ያለው ወዲያ ጥግ ነው። ስለዚህ የሚሰካው በማከፋፈያ ነበር። ነጭ፣ ላባ የምታክል፣ ላስቲክ ዘርግተው መንገድ ዳር ከሚሸጧቸው አንዷ። እዚያችው ላይ ትንሿ ፍሪጅ አለች፣ የስልክ ቻርጀርም አለ።

አንድ ሌሊት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ከውጭ ነው ብለን ተኛን። መጀመሪያ የምንለው ይሄንን ነው መቼም፣ ከውጭ ነው። ጩኸት ስንሰማ ነው የወጣነው።

ገመዱ በፍራሹ ሥር ነበር የሚያልፈው። ልጅቷ የተኛችበት ስፖንጅ በአንድ ጫፉ ተያይዟል። እናትየው በግራ እጃቸው ልጅቷን ጎትተው አወጡ፣ በቀኛቸው ስፒናውን ሊነቅሉ ሞከሩ። ስፒናው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር አንድ ሆኗል። የቀለጠው ፕላስቲክ መዳፋቸው ላይ ቀረ። አንዱ ተከራይ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ ሲመጣ "ቆይ! መብራቱ ይጥፋ!" ብለን ጮህንበት። ሌላው ሮጦ ከቆጣሪው አጠፋ። እሳቱ ጠፋ፣ ልጅቷም ተረፈች። አንድ ጆንያ የጤፍ ዱቄት ግን ጭስና ውሃ በላው። የእናትየውም ቀኝ መዳፍ ተላጠ። ሊጥ የሚያዞሩበት እጅ ነው።

በነጋታው ኤሌክትሪሻን መጣ። ወጣት ነው፣ ብዙም አያወራም። የተረፈውን ገመድ በምላጭ ሰነጠቀው። ላዩ ላይ "2.5" የሚል ተጽፎበታል፣ የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር መሆኑ ነው፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ግን ቢሰበሰቡ የግማሹን ግማሽ አይሞሉም። አንዱን ክር ፋቅ ሲያደርገው ቀዩ ለቀቀና ነጭ ሆነ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ውፍረቱ እኩል ቢሆን እንኳ መዳብ ከሚያስተላልፈው 60 በመቶ ያህሉን ነው የሚያስተላልፈው። ቀጥሎ ከተበላሸ ስፒከር ያወጣትን ማግኔት ከቦርሳው አውጥቶ ሶኬቱ ውስጥ ወዳለው ብረት አስጠጋት። ልጥፍ አለች። "ነሐስ ቢሆን አትይዝም ነበር" አለ። ቢጫ የተቀባ ቆርቆሮ ነበር።

የእንጀራ ምጣድ ቀልድ አይደለም። 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው፣ ያውም ለሰዓታት። ታዲያ ጭነት ሲበዛ መብራት የሚቆርጠው ብሬከር ምነው ዝም አለ? ብለን ጠየቅነው። ለብሬከሩ ጭነቱ የተለመደ ነው። እሱ የሚጠብቀው የግድግዳውን ሽቦ ነው፣ ከሶኬቱ ወዲህ እኛ የቀጠልነውን ፀጉር መች ያውቃል።

እስካሁን ያለውን ይቅር እላለሁ። እናትየው ምን ያድርጉ? ባላቸው አቅም ገዙ። የከለከለኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

መዋጮ ተባለ። ሰው አዋጣ፣ እግዜር ይስጠው። ለፍራሽ፣ ለዱቄት፣ ለሐኪም፣ "ለመብራቱም" ተባለና ብር ተሰበሰበ። አንድ ጎረቤታችን ዕቃውን ገዝቼ እመጣለሁ ብሎ መርካቶ ሄደ። ይዞት የመጣው ምን ይመስላችኋል? ያንኑ። ያንኑ ነጭ፣ ያንኑ ቀላል፣ ያንኑ "2.5" የተጻፈበትን። ሦስት ገዝቶ ነው ደግሞ፣ "ሌላም ጊዜ ያስፈልጋል" ብሎ። ከኪሱ መልሱን አውጥቶ ቆጠረልን። ግቢው አመሰገነው፤ "አንተ እኮ መግዛት ታውቃለህ" ተባለ። እናትየው በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን አንስተው መረቁት።

ያን ቀን ግቢው ውስጥ ድሃ አልነበረም። ብሩ ተሰብስቧል፣ መልስም ተርፏል። በደህናውና በዚያ ጉድ መካከል ያለው ልዩነት ለሁለት ሰው ቅዳሜ ቁርጥ አይበቃም ነበር። ልጅ ከእሳት ውስጥ ስትወጣ ያየ ሰው፣ ገና ሽታው ከልብሱ ሳይለቅ፣ እንዴት ያንኑ ገዝቶ ይመጣል? ያየነውስ እንዴት እናጨበጭባለን? "ደህናው ገመድ ይገዛ" ያለ አንድ ሰው ነበር፤ "ለገመድ ይሄን ያህል ብር? ወርቅ ነው እንዴ?" ተብሎ ተሳቀበት።

እናንተ ሰዎች፣ የሌለውን አልወቅስም። ለዕለት ጉርሱ የሚሯሯጥ ሰው የሚገዛው የደረሰበትን ነው። የምቆጣው ባለን ላይ ነው። ሳሎኑን በሴራሚክ አንጥፎ፣ ኮርኒሱን በጂፕሰም አስጊጦ፣ ለሰርቪስ ቤቱ ሽቦ ሲሆን ዋጋ በሚከራከር አከራይ ላይ። የሚታየውን አሳምረን የማይታየውን በሚያሳርረው ልማዳችን ላይ። የልጅ ጫማ፣ የጋዝ ሲሊንደር ጎማ፣ የባጃጅ ፍሬን ሸራ፤ ሁሉም ጋ ወሬው ያው ነው። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እያልን ልጅ እናሳድጋለን፣ ቆጡ ላይ ግን እንደተንጠለጠልን ነን።

ደግሞ "የቻይና ስለሆነ ነው" አትበሉኝ። ደህናውም እዚያው ነው የሚሠራው። የሚመጣው አስመጪው ያዘዘው ነው፤ አስመጪው የሚያዘው እኛ የምንገዛውን ነው። ነጋዴው ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። በቀጭን ሽቦ ላይ "2.5" ብሎ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሕግም አለ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ብሩ እንዲመለስ ለመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ግን ደረሰኝ የያዘ ማን አለ? "ያለ ደረሰኝ ስንት ትለዋለህ?" የምንለው እኛው ነን።

እንዲህ እያልኩ ስብሰለሰል ይደክመኛል። ማንን ትቆጣለህ? ያ ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። እሳቱን ያጠፋው፣ ቆጣሪው ጋ የሮጠው እሱ ነው። ቀኑን ፈቅዶ፣ በራሱ ትራንስፖርት ነው የሄደው። ርካሽ ማግኘት ጉብዝና ነው ብለን ያሳደግነው እኛ ነን።

ኤሌክትሪሻኑ መፍትሔው ማከፋፈያ እንዳልሆነ ነግሮናል። ምጣዱ ከብሬከር በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም የመዳብ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ሁለተኛ መዋጮ ጀምረናል። አከራይዋ ግማሹን እችላለሁ ብለዋል፤ እስካሁን በቃል ነው። ሦስቱን ነጫጮች ልጣላቸው ብል "ለስልክ ይሆናሉ" ተባልኩ። ይሁን፣ ለስልክ ይሁኑ። ምጣድ ብቻ አይሰካባቸው።

ሰሞኑን አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ቆሜ ነበር። አንዲት ወጣት ማከፋፈያ አነሳች፣ ክብደቱን በእጇ መዘነች፣ ከቦርሳዋ ማግኔት አወጣች። ባለሱቁ ሳቀ። ማግኔቱ ሲለጠፍ ግን ሳቁን ተወና ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር ሌላ አወጣላት። ከበድ ያለ ነው። "ምነው እዚህ ደበቅኸው?" አለችው።

"የሚጠይቀኝ የለማ" አላት።

ዋጋውን ሲነግራት ፊቷ ተቋጠረ። ትንሽ ተከራከረች፣ መቶ ብር አስቀነሰች፣ ከነደረሰኙ ይዛ ሄደች። ከኋላዋ የነበረው ሰውዬ ያንን ነጩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ "እስቲ እኔም ያኛውን ልየው" አለ። ይግዛው አይግዛው አላውቅም፣ ታክሲ መጣልኝ።