ይሉኝታ እና ራዲያተር

ወደ አፋር በረሃ የሚወርድ የመኪና ቡድን ከመነሳቱ ከአንድ ወር በፊት መዋጮ መሰብሰብ ይጀምራል። መዋጮው በግና ቢራ ላይ ያልቃል። በአምስት ላንድክሩዘር ውስጥ ሁለት ረከቦት፣ አንድ ድሮንና አንድ ጊታር አይጠፋም፤ አካፋ ግን የለም። "ለመሆኑ አካፋ ይዘናል?" ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር "ገና ሳንነሳ ያሟርትብናል" ይባላል። ስለዚህ ሁሉም በልቡ ይጠይቅና በአፉ ዝም ይላል።

ቀጠሮው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ የሚነሳው 3 ሰዓት ላይ። ያረፈደውን ማንም አይቆጣም፣ "ምንም አይደል" ነው። ሰመራ ድረስ 600 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ያ "ምንም አይደል" የመጨረሻውን መንገድ በጨለማ፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖችና አስፋልት ላይ በተኙ ግመሎች መካከል ያስነዳል።

የውሃውን ሒሳብ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል። በዚያ ሙቀት ለመጠጥ ብቻ በቀን ለአንድ ሰው 6 ሊትር ቢያዝ፣ 20 ሰው ለሦስት ቀን 360 ሊትር ይፈልጋል፤ አሥራ ስምንት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። ለራዲያተር ደግሞ በየመኪናው አንድ ጄሪካን ለብቻው። ነገር ግን ጄሪካን ፎቶ ላይ አያምርም፤ ወንበርም ያጣብባል። እያንዳንዱ ቤተሰብ "ሌሎቹ መቼም ይዘዋል" ብሎ አንድ እሽግ ሃይላንድ ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ተጠጥቶ የተከደነው ባዶ ጠርሙስ ቆላ ሲደርስ በአየር ግፊት ጭምድድ ይላል። በጉዞው ላይ ጭንቀቱን በግልጽ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ስለ ምግቡ ብዙ አይወራም። ዶሮ ወጡ በማግስቱ ይኮመጥጣል፣ የጭኮው ቅቤ ሻንጣ ውስጥ ይፈሳል፣ በመጨረሻ ሁሉም የናቁትን ዳቦ ቆሎ ፍለጋ ይሄዳል።

ዋናው ጣጣ ራዲያተሩ ነው። መኪናው በከባድ ማርሽ አሸዋ ውስጥ እየተሳበ፣ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ፣ ኤሲው ሙሉ ተከፍቶ ሲሄድ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው አየር ያንሳል። የሙቀት መርፌዋ ቀስ እያለች ትወጣለች። መድኃኒቱን ሾፌሩ ያውቀዋል፤ ኤሲውን አጥፍቶ ማሞቂያውን በሙሉ ኃይል መክፈት። የሞተሩ ሙቀት በከፊል ወደ ተሳፋሪው ይዞራል፣ ሞተሩም ይተርፋል። ችግሩ፣ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት አማቹ ናቸው።

"ልጄ፣ ትንሽ አልሞቀም?"

"ኧረ ጋሼ፣ አሁን ይበርዳል" ይልና ኤሲውን ይጨምራል።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። አሁንም ደግነት አያልቅም፤ ሦስት ሰው ክዳኑን ለመክፈት ይሽቀዳደማል። ትኩስ ክዳን ሲከፈት ታምቆ የቆየው የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። በእጅ እስኪያዝ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው፣ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ በቀስታ መሙላት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ የደፋ ሰው ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ግን "ለመርዳት ብሎ ነው" ስለሚባል ማንም አይወቅሰውም።

መኪና አሸዋ ሲይዘው ደግሞ ሃያው ሰው ሃያ መካኒክ ይሆናል። "ስጠው! ነዳጅ ስጠው!" ይሰጠዋል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው በሆዱ ይተኛል። መደረግ የነበረበት እግርን ከነዳጅ ማንሳት፣ ሰው ማውረድ፣ ጎማውን ወደ 20 ፒኤስአይ ማስተንፈስ፣ ከጎማው ፊት ያለውን አሸዋ መጥረግና በዝቅተኛው ፎር ዊል በእርጋታ መውጣት ነበር። አካፋ ስለሌለ በረከቦት ይጠረጋል። መንፊያም ስላልተያዘ የላላው ጎማ እንደላላ አስፋልት ላይ በመቶ ይነዳል፤ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግልና ይፈነዳል።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፦ ዝናብ የት ዘነበ፣ ውሃ የት አለ፣ ማን አለፈ። የሰው ሕይወት በወሬው ላይ ስለሚንጠለጠል ውሸት ትልቅ ነውር ነው። አንድ የአፋር ግመል ነጂ ተሰብስቦ የቆመውን ቡድን አይቶ "ውሃ አላችሁ?" ቢል የሚያገኘው መልስ ግን ይታወቃል። "ሞልቷል! ና እንብላ!" የቀረው ውሃ አራት ሃይላንድ ነው፣ ሁሉም ለብ ብለዋል፣ ሁለቱ ተጀምረዋል።

በመጨረሻ አሳሌ ጨው ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር አልፎ፣ ፎቶ ይነሳል። ዝናብ የነካው ጨው ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ ስለሆነ የሚነዳው በቆየው የጎማ ዱካ ላይ ብቻ ነው፤ ድሮን የያዘው ሰው ግን ዱካ የሌለበትን ነጭ ሜዳ ይፈልጋል። መንገድ መሪው አይሆንም ሲሉ "እሺ፣ ትንሽ ብቻ" ይላቸዋል። እሳቸውም እንግዳ ማስቀየም አይወዱም።

መኪናው ከዘመድ የተዋሱት ከሆነ ታጥቦ ይመለሳል። ላዩ እንደ መስታወት ያበራል፣ ወንበሩ ሽቶ ተረጭቶበታል፣ ኪሎ ሙዝም ተጨምሯል። ሥሩን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ጨውን ከብሎንና ከፍሬን ቱቦ ማስለቀቅ ነበር የሚያስፈልገው፤ እዚያ ግን ባለቤቱ አያይም። ከስምንት ወር በኋላ ብሎኑ አልፈታ ሲል ባለቤቱ ነገሩን ይጠረጥራል። ግን ሙዝ የበላ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠይቃል?