ምድርን ሰባት ጊዜ የዞረች ቪትዝ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ባረጀ ቁጥር ይወደዳል። አባት በጉብዝናው ዘመን የገዛትን ዲኤክስ ኮሮላ፣ ልጁ አግብቶ ወልዶ፣ አባቱ ካወጣበት ብዙ እጥፍ አትርፎ ይሸጣታል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ቀረጡን ሰቀለው፤ ቀድመው የገቡትን አሮጌዎች ግን አነገሣቸው። በ2016 ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል፣ ጓሮ ቆማ ዶሮ ያደረባት ሁሉ ቅርስ ሆነች።

እንግዲህ በዚህ አገር ነው "ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?" ብለህ የምትጠይቀው።

"ኪሎ ሜትሯን ተዋት ወንድሜ፣ ድምጿን ስማ!" ይልሃል ደላላው። "ደግሞ ሴት ናት የነዳቻት።"

ይቺን ሴት አንድ ቀን ባገኛት ደስ ይለኛል። የከተማውን የሚሸጥ መኪና በሙሉ የነዳችው እሷ ናት። ከስልሳ በላይ አትነዳም፣ ዘይት በቀኑ ትቀይራለች፣ ከቤት ወደ ሥራ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በቃ። አንዳንዱ ደላላ ዶክተር ናት ይላል። ይህን ሁሉ መኪና ስትነዳ ውላ በሽተኛ መቼ እንደምታይ እንጃ።

ልገዛት ያየኋት የቪትዟ ዳሽቦርድ ግን 287 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። ምድርን አንድ ዙር ለመዞር 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያን ስትመላለስ ምድርን ሰባት ጊዜ ዞራለች ማለት ነው። የምትስመው አክሱም ጽዮንን ነው እንዴ?

ሌላዋ መኪና ደግሞ 68 ሺህ ትላለች። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ወጥቷል፣ መሪው እንደ መላጣ ያብረቀርቃል፣ የሾፌሩ ወንበር ወደ በሩ ተንጋዷል። ባለቤቱ በልጆቹ ይምላል። ሐሰትም ላይሆን ይችላል፤ ለእሱም ሲሸጡለት ቆጣሪውን ወደ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር መልሰውት ይሆናላ! እኔን ከጠየቃችሁኝ ባለ 287ቷ ትሻላለች። ቢያንስ ንስሐ ገብታለች።

መካኒክ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግ ነው፤ ግን ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ተመልሳችሁ ሂዱና ማለዳ ሳትነሣ ድረሱባት። ዘይት የምትበላ መኪና ጉዷ የሚወጣው በጠዋት ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ታጥናችኋለች። መካኒኩ የዘይት ክዳኑን ይከፍታል፣ እጁን ይደቅናል፣ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። "ሞተር ወርዶ ያውቃል?" ሲል ሻጩ የተሰደበ ያህል ይቆጣል። በመጨረሻ መካኒኩ "ትንሽ ነገር ናት" ይላል። ትንሿን ነገር የሚሠራት እሱ ነዋ!

ከዚያ የቤተሰብ ሸንጎ ይቀመጣል። መንጃ ፈቃድ የሌላቸው አጎቴ ናቸው ሰብሳቢው። "የቶዮታ ሞተር ኪሎ ሜትር ምን ያደርገዋል? ዕቃው እንደሆን ሶማሌ ተራ ሞልቷል" ይላሉ። የአክስቴ ልጅ "ጋሼ፣ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው" ሲል፣ "መብራት ሲጠፋ አንተ ትገፋታለህ?" ብለው አፉን ያስይዙታል። ባለቤቴ የጠየቀችው ቀለሟን ብቻ ነው። ነጭ ናት ስላት "ቆሻሻ ታሳያለች" አለች።

ሸንጎው ሳይበተን ደላላው ይደውላል። ሌላ ገዢ ቀብድ ሊያስይዝ ነው፣ ደግሞም ከትናንት ወዲህ ዋጋዋ ጨምሯል።

"ምነው? ምን ተገኘ?"

"ዶላር ጨምሯላ!"

"መኪናዋ እኮ አገር ውስጥ ከገባች ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው!"

"እሱማ ልክ ነህ ወንድሜ" ይልሃል ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "ዋጋው ላይ ምንም ላደርግልህ አልችልም። ኪሎ ሜትሩ ከበዛብህ ግን እሱን እንነጋገርበታለን።"