የጭላዳው ቁጥር ለምን አልገጠመም?
በደቡብ ወሎው ቦረና ሳይንት ፓርክ ጭላዳ ስለቆጠሩ ተማሪዎች ያነበብነው ጽሑፍ ውጤታቸው በየቀኑ ተለያየ ይላል፤ የቆጠሩበትን ሰዓት ግን አልነገረንም። ጭላዳ ገደል ላይ ያድራል። ጠዋት አፋፉ ላይ ወጥቶ ፀሐይ እየሞቀ፣ እርስ በርሱ ፀጉር እየፈታተሸ ይቆያል፤ መቆጠር ያለበት ያኔ ነው። ለግጦሽ ከተበተነ መንጋ ከመንጋ ይደባለቅና አንዱ ሁለቴ ይቆጠራል። ደረት ላይ ያለው ቀይ ምልክት ሴቷም ስላላት ጾታ አይለይም፤ ጎፈሩን እዩ፤ ትልቅ ጎፈር ያለው አዋቂው ወንድ ነው። ገና ጎፈር ያላወጣ ጎረምሳ ወንድ ይሁን ሴት ካጠራጠራችሁ «ያልተለየ» ብላችሁ መዝግቡ።

ሌላው ጣጣ መንጋው የታየበት ቦታ የሚመዘገብበት ጂፒኤስ ነው። የቆየው 1፡50,000 ካርታ አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) የተሠራ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ይሠራል። ካላስተካከላችሁት ነጥቡ ካርታው ላይ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። በዚያ ገደላማ አገር ደግሞ መንጋው አየር ላይ ሊቆም ነው!